ልቃቂት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ቸርችል ጎዳና ባዶ።
የጄኔሬተሩ ሳል በርዶ
መብራት ተመልሷል። ናሙና ቁጥር አርባ አንድ
መስታወት ላይ ተኝቷል፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ ጉድ፤
ከጋሽ ሸምሱ ሌባ ጣት ማታ የተቀዳ።
ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዶሮ ማነቂያ፣ ከፈረሰው መደዳ
ሲንጀር መኪናቸውን አሸክመው ወጥተው፣
ካንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ጥግ ለምነው፣
ዩኒፎርም ሲሰፉ ነው መርፌው ጥፍራቸውን የበሳ።
መጠጡት፣ ተፉት፣ ረሱት፤ ጣታቸው ግን አልረሳ።

ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ ትርሲት፤ የጋውኔ እጅጌ የተተረተረ፣
ወንበሬ በሦስት እግሩ ያደረ።
ቀባሁ። አደረቅሁ። ቀለም አፈሰስሁ። አጠብሁ።
ዐይኔን ከሌንሱ አስጠጋሁ።
እነሆ ጠላት፦ ሐምራዊ፣ ክብ ክብ፣ እንደ ወይን የተዘለለ፤
እነሆ የኛ ወገን፦ ነጭ የደም ሴል፣ የሞተ፣ የቆሰለ፤
በመሃሉም ያ ሁልጊዜ የማየው ዝባዝንኬ፦
ሮዝ ክር፣ የተዘረገፈ፣ ጫፉ የት እንደሆነ የማይታወቅ።

ዘጠኝ ዓመት አየሁት። ዘጠኝ ዓመት «እድፍ ነው» ብዬ አለፍሁት።
ቅጹ ላይ አንድ መስመር አለችኝ፣ «የመግል ሴል፦ በርካታ»፤ እሷን ጻፍሁት።
መግልን ማን «ስምህ ማነው?» ይላል?
በጥጥ ተጠርጎ ይጣላል።

ዛሬ ግን ተለማማጁ ኡጁሉ፣ ሻይ የደፋበትን ወረቀት
ማይክሮስኮፑ ሥር ትቶልኝ ሄዷል፤ ጣቴን እየጎተትሁበት
አነበብሁ፦

እያንዳንዱ ሴል በእምብርቱ ሁለት ሜትር ክር ይይዛል፤
እንዳይወሳሰብ፣ እንዳይበጠስ፣ በልቃቂት ይጠመጠማል።
የልቃቂቱ ስም ሂስቶን። ስምንት ሆነው ተቃቅፈው፣
ክሩን በወገባቸው አዙረው፣
ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣
ይቀመጣሉ፤ ዝም። እንደ ግምጃ ቤት ሰው፣ ቁልፍ ጠባቂ።
ማን ይላቸዋል ታጣቂ?

ጀርም ሲበረታ ግን፣ ማፈግፈጊያው ሲያልቅ፣
ያ ነጭ ሴል ይፈነዳል፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ እኔ አላውቅ።
ሆዱን ቀድዶ ክሩን ከነልቃቂቱ ይዘረግፋል፤
እንደ አጥማጅ መረብ በጠላት ላይ ያርፋል።
ያን ጊዜ ቁልፍ ጠባቂው ሌላ ነው፤
መጠቅለል የለመደ ክንዱ
የባክቴሪያውን ቅጥር ሸንቁሮ ውሃውን ያፈሰዋል።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን።
እዚህ፣ በአንበሳ ስም በሚጠራው ግቢ፣
ድሩ የሚያስረው አንበሳ የማያየውን ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ሻዩ በርክቷል፤ ግን ይነበባል፦
ያው ሂስቶን ደም ውስጥ ሲበዛ ባለቤቱንም ይበላል።
ወዳጅ አይለይ፣ ጠላት አይለይ፣ ያገኘውን ግድግዳ ይበሳል።

እዚህ ላይ ቆምሁ።
ሐምሌ ላይ ያለፈችው፣ አልጋ ቁጥር ሰባት፤
ካልቸሯ ላይ «ምንም አልበቀለም» ብዬ የፈረምሁ እኔ ነበርሁ።
ባሏ ወረቀቱን ይዞ «ታዲያ ምን ገደላት?» ሲለኝ
መልስ አልነበረኝም።
አሁንም እሱን የሚበቃ የለኝም።

ነጋ። ከለገሃር በኩል ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላሉ።
ጋሽ ሸምሱ አግዳሚው ላይ፣ ጣታቸው በፋሻ፣ ይጠብቃሉ።
«ምን ተገኘ ልጄ?»
«ክር» አልኋቸው፣ ሌላ ቃል አጥቼ።
ሳቁ። «ከልብስ ሰፊማ ሌላ ምን ይወጣል!»
ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከእጅጌዬ የተንጠለጠለችውን ክር
በግራ እጃቸው ሳቧት፤
በጥርሳቸው ሊበጥሷት ሲሉ «ኧረ ተዉ!» አልሁ፤
በጥፍር በጠሷት።
በደህናው ጣታቸው ላይ አዞሯት፣ ቀስ አድርገው፤
ሁለት ዙር ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት
አለቀች።